ከባህር ዳር ሆኖ ዘፈን መልቀቅ፦ ኤአይ የቱ ጋ ይግባ፣ የቱ ጋ አይግባ

ባለፈው ክረምት ሽምብጥ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ውስጥ አንድ ማሲንቆ የሚመቱ ትልቅ ሰው ቀዳሁ። የነበረኝ አንድ ማይክ ብቻ ነው፣ መሀል ላይ አቆምኩትና ጋሼ እየመቱ ዘፈኑ፣ እኔም ችግር የለውም በኋላ በኤአይ (በሰው ሰራሽ አስተውሎት) እለያየዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። ማታ ላፕቶፔ ላይ ዴሙክስ የሚባለውን ከፈትኩ፣ ሜታ ሰርቶ በነፃ የለቀቀው ድምፅ መለያያ ነው፣ ፋይሉን ሰጠሁት፣ አራት ፋይል አወጣልኝ፣ ድምፅ፣ ድራም፣ ቤዝ፣ እና ሌላ የሚል። ድምፅ የሚለውን ስከፍተው ጋሼ ከነማሲንቋቸው እዛው ናቸው። ሌላ የሚለው ውስጥ ደግሞ የጭራው ፉጨት ብጥስጥስ ብሎ መሀል መሀል ላይ የጋሼ ትንፋሽ ይሰማል። በማግስቱ ሳሰማቸው ዝም ብለው ሰሙና "ልጄ፣ እኔና እሷን ማን ሊለየን" አሉኝ።

ነገሩ ሲታሰብ ግልፅ ነው። ፕሮግራሙ የተማረው በአብዛኛው በፈረንጅ ዘፈን ነው፣ ድራም አለ ቤዝ ጊታር አለ አንድ ሰው ይዘፍናል፣ በቃ። ማሲንቆ ደግሞ በአንድ ገመድ ዘፋኙን እግር በእግር እየተከተለ አብሮ የሚያዜም መሳሪያ ነው፣ ከሰው ድምፅ ብዙ አይርቅም፣ ሰውየው ሲያነሳ ያነሳል ሲያወርድ ያወርዳል፣ ስለዚ ማሽኑ ሁለት ዘፋኝ የሰማ ነው የመሰለው።

ይሄን ያነሳሁት ኤአይ አይረባም ለማለት አይደለም፣ እኔ በየቀኑ እጠቀመዋለሁ። ግን ነጠላ ዜማ ሰርተው ሊለቁ የሚፈልጉ ልጆች ሲመጡ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሚጠይቁኝ የትኛው አፕ ይሻላል ነው፣ እኔ ደግሞ ምላችሁ ማሽኑ የተቀዳውን ያፀዳል እንጂ ያልተቀዳውን አያመጣም፣ የኛን ቅኝትም የኛን ቋንቋም በደንብ ያስተማረው ሰው ገና የለም። ስለዚ የኛ የሆነውን በእጃችን እንስራ፣ ጉልበት ብቻ የሚጠይቀውን ለሱ እንተውለት። ከታች ምፅፈው እኔ ምሰራበትን መንገድ ነው፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምፅፋቸው።

መጀመሪያ ቀረጻው

ባህር ዳር ውስጥ ቤት ለቤት የምትቀዱ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ቅዱ። ከዛ በፊት ባጃጅ አለ፣ ጎረቤት ቴሌቪዥን አለ፣ ሌሊት 10 እና 11 ሰዓት ላይ ደግሞ የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፣ ማይክ ሁሉንም ይሰማል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጀመረ ስራውን አቁሙ፣ የትኛውም ድምፅ ማፅጃ የቆርቆሮ ዝናብን ሲያወጣ የዘፋኙን ስስ ስስ ፊደላት አብሮ ነው ሚወስደው፣ "ሰ" እና "ሸ" ሲበሉ ትሰማላችሁ። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁሙ፣ ከዘፋኙ ጀርባ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ የእንቁላል ካርቶን የሚባለውን ተዉት ማስተጋባቱን እምብዛም አይቀንስም።

ጣና ዳር መቅዳት ለምትፈልጉ (ብዙ ሰው ለክሊፕ ይወደዋል) ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ጀልባ የሚነዱትም ሁሌ የሚሉት ነው፣ ጣና ጠዋት ተኝቶ ከሰዓት ይነቃል። የውሃውን ድምፅ ከዘፈኑ ጋር አብራችሁ አትቅዱ፣ ለብቻው ሁለት ሶስት ደቂቃ ቅዱና አስቀምጡ፣ የታንኳ መቅዘፊያ ውሃውን ሲመታ ያለችውን ድምፅ በኋላ መግቢያ ላይ ትጨምሯታላችሁ፣ ከማንኛውም ከተገዛ ድምፅ ትበልጣለች።

አሁን ወደ ማሲንቆው ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር እሱ ነው። ጋሼን በሁለተኛው ቀን የቀዳኋቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንደልማዳቸው እየመቱ ዘፈኑ፣ ያንን እንደ መሪ ያዝኩት። ከዛ በጆሮ ማዳመጫ የራሳቸውን ዘፈን እየሰሙ ማሲንቆውን ብቻ መቱ፣ ማይኩን ወደ ብርኩማው (ገመዱን ደግፎ ወደሚይዘው እንጨት) ጠጋ አርጌ አንድ ክንድ ሳይሞላ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ሳይዘፍኑ መምታት አልተለማመዱምና ሶስት ጊዜ አቋርጠን ጀመርን፣ አራተኛው ላይ ገባ። በመጨረሻ ማሲንቆውን እየሰሙ ድምፃቸውን ብቻ። ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ማሽኑ በሁለት ደቂቃ ሊሰራው ሞክሮ ያልቻለውን ስራ። ሰውየው ለየብቻ አይሆንልኝም ካሉ አታስገድዱ፣ ሁለት ማይክ ፈልጉ፣ አንዱን አፍ ጋ አንዱን ማሲንቆው ጋ አርጉና ማይኮቹን ጀርባ ለጀርባ አዙሩ።

በስልክም ቢሆን በዋቭ (ድምፁን ሳይቆርጥ እንዳለ በሚያስቀምጥ ፋይል) ቅዱ፣ መቅጃ አፑ ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ 48 ኪሎኸርትዝ 24 ቢት ካለው እሱን፣ ከሌለው 44.1 በ16 ይበቃል። የድምፁን ልክ የምታሳየው መብራት ቀይ ውስጥ አትግባ፣ ከፍተኛው ድምፅ -6 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን። ከፍ ብሎ የተሰባበረ ድምፅ አይጠገንም። እና መብራት ሁሌም ሊጠፋ ስለሚችል በየ10 ደቂቃው ሴቭ አርጉ፣ ይሄንን የፃፍኩት አንድ ሙሉ የክራር ቀረጻ ካጣሁ በኋላ ነው።

ለምን ዋቭ ነው ለምትሉ፣ ኤምፒ3 ጀርመን ሀገር ፍራውንሆፈር የሚባል የምርምር ተቋም የሰራው ነው፣ የፋይሉ ስም .ኤምፒ3 እንዲሆን የተወሰነው 1995 ሐምሌ ላይ ነው፣ ስራው ጆሮ ብዙም ማያስተውለውን ድምፅ ቆርጦ መጣል ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ጥራት ዋቭ ሲሆን 42 ሜጋ ይሆናል፣ በ320 (ኪሎቢት በሰከንድ) ኤምፒ3 ከ10 ሜጋ በታች፣ በ128 ደግሞ ወደ 4 ሜጋ። ለሰሚ ጥሩ ነው፣ ለዳታም ጥሩ ነው። ግን የተጣለው አይመለስም፣ ያንን ኤምፒ3 ከፍታችሁ አስተካክላችሁ መልሳችሁ ኤምፒ3 ስታረጉት እንደገና ይጣላል። አባቶቻችን የቀዷቸው ስንት ዘፈኖች ዛሬ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሻካራ ሆነው ነው የደረሱን፣ እኛ ግን ዋናውን መያዝ እየቻልን በ4 ሜጋ ፋይል ብናስረክብ ልጆቻችን ምን ይሉናል።

ዋናውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ከገበያ ፍላሽ ስትገዙ ተጠንቀቁ፣ 64 ጊጋ ይላል ውስጡ ግን 8 የሆነ አለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ 64 ብሎ ያሳያል፣ ከ8 በላይ ስትጭኑበት ስሙ ይታያል ፋይሉ ግን አይከፈትም። ገዝታችሁ እዛው ሙሉ ሙሉ ጭናችሁ የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

ኤአይ የት ይግባ

የድምፅ ማፅጃው በጣም ጥሩ ነው፣ የማራገቢያ ድምፅ፣ የጀነሬተር ጉርምርምታ፣ የክፍል ማስተጋባት፣ ድሮ ስቱዲዮ ያለው ሰው ብቻ ሚያወጣውን አሁን ላፕቶፕ ያወጣዋል። ግን ሙሉ አቅሙን አትስጡት፣ ግማሽ ላይ ተዉት፣ ሙሉ ሲሆን ዘፋኙ ጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። መለያያውም ቢሆን ለድሮ ዘፈን ጥናት ይረዳል፣ ቤዙ ምን እንደሚጫወት ለብቻው ለመስማት። በራሳቸው ማስተር የሚያረጉት (ያለቀውን ዘፈን ለመልቀቂያ የሚያስተካክሉት) አፖችም ለመነሻ ጥሩ ናቸው፣ ብቻ ጩኸቱን አታብዙ፣ ዘፈን በኢንተርኔት የሚደመጥበት ስፖቲፋይ እራሱ ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) ስለሚያወርደው አጩሃችሁ ያገኛችሁት ነገር የለም፣ ድራሙ ብቻ ይጠፈጠፋል። ሚክሱን (ድምፆቹን አንድ ላይ ማመጣጠኑን) ስትጨርሱ ስልካችሁ ላይ ጫኑና ባጃጅ ውስጥ ሰክታችሁ ከፔዳ እስከ ገበያ ሂዱ። ሞተሩ እየጮኸ ቃሉ ከተሰማ ሚክሱ አልቋል።

ኤአይ የት አይግባ

አንደኛ ቅኝት ላይ። የሳተ ድምፅን ወደ ልኩ የሚመልሰውን ኦቶቲዩን የሚባል ፕሮግራም በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ከዛ በፊት ሙያው ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነበር፣ መሬት ውስጥ ተልኮ የሚመለስ የድምፅ ሞገድ የሚያነብ ሂሳብ ይሰራ ነበር፣ ያንኑ እውቀት ነው ወደ ዘፈን ያመጣው። መሳሪያው ድንቅ ነው፣ ግን እንዳለ ከከፈታችሁት ሚያቀው ፒያኖ ላይ ያሉትን 12 እኩል ደረጃዎች ነው። ትዝታ ላይ ብዙም ላያስታውቅ ይችላል። አንቺሆዬ ላይ ግን በጣም የተጠጋጉ ድምፆች አሉ፣ ዘፋኙም ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄደው እየጎተተ ነው እንጂ እየዘለለ አይደለም፣ ማሽኑ ያንን መጎተት ስህተት መስሎት ያርመዋል፣ ያኔ እንጉርጉሮው ሞተ ማለት ነው። የግድ መጠቀም ካለባችሁ ክሮማቲክ (አስራ ሁለቱም) የሚለውን ትታችሁ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ ምረጡለት፣ ፍጥነቱን ቀስ አርጉት፣ ዘፋኙ የሳተበት ቦታ ላይ ብቻ አብሩት። ማሲንቆ ላይ ፈፅሞ አታብሩት።

ሁለተኛ ቃል ላይ። አሁን ሱኖ እና ዩዲዮ የሚባሉት ግጥም ስትሰጧቸው ዘፍነው ያመጣሉ፣ ትልልቆቹ የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያዎች በ2024 ሰኔ ላይ ሁለቱንም ከሰዋቸዋል ያለፈቃድ በኛ ዘፈን ተማራችሁ ብለው፣ ክሱን ለነሱ ልተወውና በአማርኛ ስትሞክሩት ሚገጥማችሁን ልንገራችሁ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። "አለ" ሲላላ ተናገረ ነው ሲጠብቅ አለ መኖር ነው፣ "ገና" ሲላላ አልደረሰም ነው ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ እኛ ከአረፍተ ነገሩ እናውቀዋለን፣ ማሽኑ ግን ይገምታል። አንድ ልጅ ያሰራውን ዘፈን አምጥቶ አሰማኝ፣ ዜማው ያምራል፣ "ገና ነው ፍቅራችን" የሚለውን ማሽኑ አጥብቆት ፍቅራቸው የበዓል ቀን ሆኖ አረፈው። ቅኔ ወዳድ ህዝብ ነን፣ ሰሙም ወርቁም ያለው እዛች መጥበቅና መላላት ላይ ነው፣ ይሄንን ለማሽን መስጠት ለኔ ትክክል አይደለም። ግጥሙን ለመልቀቂያ ስትፅፉም ድምፅ ወደ ፅሁፍ በሚቀይር አፕ አትመኑ፣ በ2022 የወጣው ዊስፐር የሚባለው አማርኛ ይሞክራል ግን ዘፈን ላይ ብዙ ይስታል፣ በእጃችሁ ፃፉት።

ሌላው ነገር እንደ ስፖቲፋይ ያሉት የዘፈን ማድመጫ መድረኮች እራሳቸው በማሽን ዘፈን እየተጥለቀለቁ ነው። ከነሱ አንዱ ዲዘር በ2025 ሚያዝያ ላይ በየቀኑ ከሚገባለት ዘፈን 18 በመቶው፣ ከ20 ሺህ በላይ ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ በኤአይ የተሰራ ነው ብሎ ነበር። ስለዚ ሰው የዘፈነው፣ ስሙ የታወቀ፣ ወረቀቱ የተሟላ ዘፈን ይዛችሁ መግባት ከበፊቱ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ስም አፃፃፍ (አትዝለሉት)

ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ልጆች ሚወድቁት ግን እዚ ጋ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ሰዎች ዘፈን በኢንተርኔት የሚለዋወጡበት ናፕስተር መጥቶ የዓለምን የሙዚቃ ገበያ ያመሰውም እዛው ዓመት ላይ ነው፣ ማለትም ዘፈን በኢንተርኔት መሄድ ሲጀምር የኛ ፊደል ገና መግባቱ ነበር። ዛሬ በግዕዝ ፊደል መፃፍ ይቻላል፣ ፃፉበት። ግን ስማችሁን በላቲንም አንድ አፃፃፍ ብቻ ምረጡና እስከመጨረሻው አትቀይሩት። ታደሰን አንድ ሰው በአንድ ኤስ አንዱ በሁለት ይፅፈዋል፣ ለመድረኩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የኔ አንድ ቀረጻ በዚ ምክንያት የማላውቀው ሌላ ዘፋኝ ገፅ ላይ ወጥቶ ለማስመለስ ሳምንታት ፈጅቷል። በአማርኛም ቢሆን ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለኛ አንድ ናቸው ለፍለጋው ግን ላይሆኑ ይችላሉ፣ ሰው ስልኩ ላይ በብዛት እንዴት እንደሚፅፈው እዩና ርዕሱን በሱ አርጉ።

አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መታወቂያ ለእያንዳንዱ ቀረጻ ይሰጣል፣ አከፋፋዩ (ዘፈናችሁን ወደ መድረኮቹ የሚያስገባላችሁ ድርጅት) ነው በብዛት ሚሰጣችሁ። ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ነገ አከፋፋይ ብትቀይሩ ያንኑ ቁጥር ይዛችሁ ስትሄዱ የተደመጠው ቁጥር አብሮ ሊሄድ ይችላል፣ በአዲስ ቁጥር ከገባችሁ ግን እንደ አዲስ ዘፈን ነው ሚቆጠረው።

ወረቀት

ግጥም የማን ነው፣ ዜማ የማን ነው፣ ቅንብር የማን ነው፣ ማን ስንት ፐርሰንት ይወስዳል፣ በአንድ ገፅ ፅፋችሁ ተፈራረሙ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) ስራው ከተሰራበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃችኋል፣ ግን ጓደኛሞች ሲጣሉ ማን ምን እንደሰራ ሚያስታውስ ወረቀት ብቻ ነው። ከሽማግሌ ዜማ ስትወስዱም እንደዛው፣ ይሄ አዝማሪ ዜማ ነው ባለቤት የለውም እየተባለ ስንት ሰው ተበልቷል፣ ሰውየው የሰጧችሁ የራሳቸው ከሆነ ስማቸው ይፃፍ ድርሻቸውም ይፃፍ።

አከፋፋይ

ስፖቲፋይም አፕል ሙዚክም ላይ በቀጥታ እራሳችሁ አትጭኑም፣ መሀል ላይ አከፋፋይ አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ገንዘቡ ኢትዮጵያ ውስጥ እኔ ጋ በምን መንገድ ይደርሳል፣ ክፍያ ካቆምኩ ዘፈኔ ይወርዳል ወይ። ገንዘቡ ሲታሰብ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ ላይ አንድ ዘፈን ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ካልተደመጠ ለቀረጻው ክፍያ አይታሰብለትም፣ ስለዚ አስር ዘፈን በአንዴ ከመበተን አንዱን በደንብ መግፋት ይሻላል። አድማጭ እንሸጣለን የሚሏችሁን ቴሌግራም ላይ ያሉትን እለፏቸው፣ የውሸት አድማጭ ሲገኝ ስፖቲፋይ አከፋፋዩን ያስከፍለዋል አከፋፋዩ ደግሞ ወደናንተ ይመጣል ወይ ዘፈኑን ያወርደዋል። አውታርና ሰዋስው የሚባሉት የሙዚቃ አፖች የሀገር ውስጥ ናቸው፣ እነሱንም ጠይቁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም በሉ። አከፋፋዩ በሚያስሞላችሁ ፎርም ላይ ኮንቴንት አይዲ የሚል አለ፣ ዩቱብ በ2007 ያመጣው ነው፣ የናንተን ድምፅ ሌላ ሰው ቪዲዮ ላይ ሲያገኝ ገቢው ለናንተ ነው ይላል። ቢቱን (የምትዘፍኑበትን የተዘጋጀ ሙዚቃ) በነፃ ወይ ለብዙ ሰው ከሚሸጥ ቦታ ከወሰዳችሁት አታብሩት፣ ያንኑ ቢት የገዛውን ሌላ ልጅ ትከሱታላችሁ። የህዝብ ዜማም ከሆነ ተጠንቀቁ፣ የሰርግ ዘፈን ቀድታችሁ ብታስመዘግቡ የአንድ ሙሽራ ቪዲዮ ላይ ባለቤቱ እኔ ነኝ የሚል ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል። የሁላችን የሆነን ነገር ለራስ ማስመዝገብ ያሳዝናል፣ እኔ እንዲህ ሲደረግ ሳይ ያንገበግበኛል።

ኢንተርኔት በሌለበት

ከነሐሴ 2023 በኋላ ሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ሳለ እዚ ከተማ ዘፈን አልቆመም፣ በብሉቱዝ፣ በዜንደር፣ በፍላሽ ሄደ። ስለዚ የፍላሽ መንገዱን አትናቁ። ሚሞሪ የሚጭኑት ልጆች ጋ ሄዳችሁ ኤምፒ3ውን በ320 ስጧቸው፣ ከመስጠታችሁ በፊት ፋይሉ ውስጥ የዘፋኙን ስም፣ ርዕሱን፣ ፎቶውን፣ የቴሌግራም ቻናላችሁን ሙሉ፣ ስልክ ላይ የሚሰራ ታግ ማስተካከያ አፕ ሞልቷል። አለበለዚያ ዘፈኑ "ኦዲዮ 0047" ሆኖ ጎንደርና ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፣ ሰው ይወደዋል፣ የማን እንደሆነ ግን ማንም አያቅም። ቴሌግራም ላይም ስትለቁ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ሙዚቃ ይግባ፣ ስሙና ፎቶው ሚታየው ያኔ ነው።

ቀን ስትመርጡ ሁዳዴን አስቡ፣ በፆም ዘፈን መልቀቅ ህዝቡም አይወደውም፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና (የሚጠብቀው) አድርሱት። ለአከፋፋይ ፋይሉን ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ስጡ፣ ከቨሩ 3000 በ3000 ፒክስል ይሁን፣ ተመላሽ ቢደረግ ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

የጋሼ ለእንቁጣጣሽ ወጣ። ስማርት ስልክ የላቸውም፣ ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ሬዲዮ አላቸው። ሁለት ፍላሽ ወሰድኩላቸው፣ በአንዱ ላይ ኤምፒ3ውን ለሬዲዮው፣ በሌላው ላይ ዋቩን ከነወረቀቱ፣ እሱን ልጃቸው ጋ እንዲቀመጥ። የመጀመሪያዋን ሰኩና አዳመጡ፣ ሲያልቅ "አሁን እሷም ትሰማለች" አሉና ማሲንቋቸውን ከግድግዳ አወረዱ።